በካፖርት ትከሻ የተሰፋ አደራ

ባለቤቴን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሜትሩ» ይለዋል። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ አያውቅማ! አንዴ ቀብር ላይ እንኳ እንዳጠለቀው ሄዶ፣ ሟቹን ሊለካ የመጣ የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ። ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ሰፍቷል። እኔ ደግሞ ሃያ አንዱን ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ ቁልፍ ተክያለሁ፣ ገበር አልብሻለሁ፣ ደንበኛ ያላለቀ ልብሱን ለፕሮቫ ሲለብስ እስፒል በአፌ ይዤ ዙሪያውን ተንበርክኬያለሁ። ስለዚህ ስለ እሱ የማወራው ከጎረቤት ሰምቼ አይደለም።

ልብስ ሰፊነትን ሰው እንደ ቀላል ያየዋል። ሰው ከመስታወት የሚደብቀውን ለሜትር ያሳያል እኮ። የአንዱ ትከሻ ከሌላኛው በሁለት ጣት ዝቅ ያለ ነው፤ የአንዷ ወገብ ሠርጓ ሳይደርስ ይሰፋል፤ አንዱ ሽማግሌ አንድ እግሩ እንደሚያጥር ልጆቹ እንኳ አያውቁም፣ የሱሪው ቅምቅማት ግን ያውቃል። ሜትሩ ይሄን ሁሉ ይጽፋል፣ ትንፍሽ ግን አይልም። ለእኔ እንኳ «በግራ በኩል ስፖንጅ ጨምሪበት» ይለኛል እንጂ ለምን እንደሆነ ነግሮኝ አያውቅም። ዓይን ካለሽ ታያለሽ ነው ነገሩ።

ከደንበኞቻችን አንዷ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ናት። ጠዋት ድምጿ የማይሰማበት ቤት የለም፤ ሰው ዕቃ የሚያጥበው፣ ልጁን የሚያለብሰው እሷን እየሰማ ነው። የእሷ ልብስ ከውጭ ሲያዩት እንደማንኛውም ልብስ ነው። ከውስጥ ግን ሜትሩ ሦስት ጊዜ ሠርቶ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ያገኘው አሠራር አለው፤ ገላዋ ላይ ያለ አንድ ነገር እንዳይታወቅ ያደርጋል። ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ አልነግራችሁም። እናቷ እንኳ አታውቅም። ከበዓሉ በኋላ ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን ልትዛወር ነበርና አራት ልብስ አዘዘችን። ያን ቀን በሩን ዘግታ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ከታወቀ ሰው የምናገረውን መስማት ትቶ እሱን ብቻ ነው የሚፈልገው» አለችው። ሜትሩም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ነቀነቀ፤ ቃል መግባቱ ነበር።

ግራ መጋባታችን የጀመረው በበዓሉ ዋዜማ ሳምንት ነው። የሱቃችን አከራይ፣ በበዓሉ እናንተ ስለማትኖሩ ቤቱን ቀለም ላስቀባው ብሎ ቁልፍ ተቀበለን። እኛ ደግሞ እንደየዓመቱ ከባለቤቴ ታላቅ እህት ጋር በዓሉን ልናሳልፍ የአንድ ቀን መንገድ በአውቶቡስ እንሄዳለን። ሜትሩ እንቅልፍ አጣ። የደንበኛው ሁሉ ልክ ዱሮ በደብተር ነበር፤ አምና የወንድሜ ልጅ በሱቃችን ላፕቶፕ ላይ ገልብጣልን እሱ ደብተሩን ቆራርጦ ጥሎታል። የጋዜጠኛዋን ልክ ብቻ ለልጅቷ አላሳየም፤ ራሱ በአንድ ጣቱ ሲመታ ግማሽ ቀን ፈጀ።

የወንድሜ ልጅ ኮምፒውተር ትጠግናለች። መጥታ እንደ አስተማሪ እየቆጠረች ነገረችው። ላፕቶፑን ይዘህ አትጓዝ፤ ሁለት ቅጂ ይኑርህ፤ ልኩን ፍላሽ ላይ ገልብጠህ ፓስወርድ አድርግበት፤ መንገድ ላይ ነጻ ዋይፋይ አትጠቀም፤ ስልክህን ባገኘኸው ሶኬት ሁሉ አትሰካ፤ ከሱቅ እንደምትጠፋም ለሰው አታውራ። እሱም «እሺ፣ እሺ» እያለ ሰማ። ከዚያ የገባውን ወሰደ፣ ያልገባውን ተወ።

ልኩን ሁሉ በአንድ ፍላሽ ገልብጣለት፣ ላፕቶፑን ሙልጭ አድርጋ አጽድታ ወደ ቤቷ ወሰደችው። ሁለተኛ ቅጂ ግን አላስፈለገውም፤ «ምስጢር ሁለት ቦታ ከሆነ ምኑን ምስጢር ሆነ?» አለ። ፓስወርዱንም ተወው፤ እረሳዋለሁ ብሎ። «የእኔ ቁልፍ መርፌ ነው» አለኝና፣ ሱቅ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶኝ ፍላሹን የካፖርት ትከሻ ስፖንጅ ውስጥ ሰፋው። ስፌቱን ሳየው፣ እውነቴን ነው፣ ፈታሽ ቢመጣ በመዳሰስ አያገኘውም። እንደምንጓዝም ለጎረቤታችን ለጫማ ሰፊው እንኳ እንዳልናገር አስማለኝ። ከዚያ ራሱ ወጥቶ በሩ ላይ «ለበዓል ሄደናል፤ ከአምስት ቀን በኋላ እንመለሳለን» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ሳቄን እንዴት ልቻለው? «ደንበኛ በከንቱ እንዳይመላለስ ነው» አለና ተቆጣኝ።

መንገድ ላይ የነበረውን ጣጣ አታንሱብኝ። ካፖርቱን በሙቀት አላወልቅም አለ። አውቶቡስ ውስጥ ስልኬ ሊዘጋ ሲል ከወንበሩ ሥር ባለው ሶኬት ልሰካ ብል እጄን ያዘኝ። አጠገባችን የተቀመጠው ሰውዬ ሥራው ምን እንደሆነ ቢጠይቀው «ጡረተኛ ነኝ» አለ፤ ሜትሩ ግን አንገቱ ላይ ነበር። ሰውዬው አንዴ እሱን አንዴ እኔን አይቶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

እህቱ ቤት ስንደርስ ያው እንደ ሁልጊዜው ሞቅ ያለ አቀባበል ነው። እትዬ እላታለሁ፤ ከባለቤቴ በዘጠኝ ዓመት ትበልጣለች፤ ያሳደገችውም እሷ ናት። ባለቤቷ የመጋዘን ኃላፊ ነው። ሠላሳ ዓመት ቁልፍ በእጁ ኖሮ አንድ ምስማር ጎድሎበት እንደማያውቅ በየዓመቱ ይነግረናል፤ እውነቱንም ነው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ የጭነት መኪና ሾፌሩም መጥቶ ነበር። እና እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሦስት ዓመት ይሆናል፣ ሜትሩ ከአንድ ከሚዘጋ ሱቅ የጥቅል ማለቂያ ግራጫ ጨርቅ በርካሽ አግኝቶ ለራሱ፣ ለሾፌሩና ለመጋዘን ኃላፊው ሦስት ካፖርት ሰፍቶበታል። አንድ ጨርቅ፣ አንድ አቆራረጥ፣ አንድ ዓይነት ቁልፍ። የሦስቱም ትከሻ ልክ አንድ ነው። ያኔ ቆንጆ ነገር መስሎን ሦስቱን አቁመን ፎቶ አንስተናቸዋል።

በማግስቱ፣ በበዓሉ ቀን፣ ሾፌሩ አስቸኳይ ጭነት አለ ተብሎ በጠዋት ተጠራ። ካፖርቱን አንጠልጥሎ ወጣ። እኛ ቁርስ በልተን ተቀምጠን ሳለ ሜትሩ ትከሻውን ይነካካል። ይነካና ያቆማል፣ ያቆምና ይነካል። በጣም ስለደበቀው እሱም በእጁ ሊያገኘው አልቻለም። «መኖሩን ብቻ ልየው» አለኝ በጆሮዬ። ተወው፣ ሰፍተኸዋል አይደል ወይ ብለውም አልሰማኝም። ጓዳ ገብቶ በምላጭ ትከሻውን ፈታው። ቀኙን ፈታ፣ ግራውን ፈታ። ስፖንጅ ብቻ ነው።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ካፖርቱ ተቀይሯል» አለኝ። ውሉ የጠፋብኝ እዚያ ጋ ነው። ከመጣን ጀምሮ ካፖርቱን ያወለቀው ለመኝታ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን በራስጌው ሰቅሎት ነው የተኛው። ታዲያ መቼ ተቀየረ? ማንስ ቀየረው? እሱ ግን ይሄን ሁሉ ለማሰብ ጊዜ የለውም፤ እየተንደረደረ ወጥቶ በሩ አጠገብ የተሰቀለውን የመጋዘን ኃላፊውን ካፖርት አወረደና ምላጩን ይዞ ተቀመጠ። በበዓል ቀን! እንግዳ ሳሎን ሞልቶ!

«ምን ልትሠራ ነው?» አለ የመጋዘን ኃላፊው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትከሻውን ፈትቼ ልየውና ወዲያው እሰፋዋለሁ።»

«ምን አለበት ብለህ?»

ሜትሩ መለሰ፤ «የሰው አደራ ጠፍቶብኝ ነው።»

ሠላሳ ዓመት አንድ ምስማር ያልጎደለበትን ሰው፣ በገዛ ቤቱ፣ በእንግዳ ፊት፣ የጠፋ ዕቃ ከትከሻህ ልፈልግ ብለኸው ምን እንዲል ትጠብቃለህ? ሰውዬው አልጮኸም። ተነሥቶ ካፖርቱን ከእጁ ወሰደና ራሱ በሁለት እጁ ትከሻውን ቀደደው። ስፖንጁን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወደ ውጭ ወጣ። ምንም የለበትም።

ቀረ የሾፌሩ። ሾፌሩ ደግሞ መንገድ ላይ ነው፣ ስልኩም ዝግ ነው። ሜትሩ በየሩብ ሰዓቱ ይደውላል፤ ያቺ የቴሌ ሴትዮ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ የምትሰማው ይመስል «እሺ» ይላታል። እኔ ልኩ ጠፋ ብሎ የተጨነቀ መስሎኝ ላጽናናው ሞከርኩ፤ ደንበኛ ሁሉ መጥቶ እንደገና ይለካል፣ ምን ችግር አለ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «ከጠፋ እለካለሁ። ከወጣ በምን እመልሰዋለሁ?» አለኝ። ሾፌር ደግሞ ፍላሽ ካገኘ ዘፈን አለበት ብሎ መኪናው ቴፕ ላይ ነው የሚሰካው። ወይም መንገድ ላይ ዘፈን ለሚጭን ሰው ይሰጠዋል። ያ ሰው ደግሞ ከፍቶ ያያል። ሜትሩ ይሄን ሁሉ ሲያስብ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኝ ነበር፤ የዚያን ቀን ምሳም አልበላ።

እህቱ ወጥ ቤት ጠራችኝ። ዕቃ እናጥባለን በሚል ነው፤ ግን የጠራችኝ ለዕቃ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ዓይኗ ቀልቷል። ባሏ ጓሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አልገባም ብሏል፤ እንግዳው አንድ በአንድ ሄዷል። እሷ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያሳደገችው ወንድሟ ባሏን ሌባ አድርጎታል።

«ምንድን ነው የጠፋው? ወርቅ ነው?» አለችኝ።

አይደለም፣ የደንበኛ ልክ ነው አልኳት። ጨርሶ አላመነችኝም። ለክንድና ለወገብ ቁጥር ብሎ ሰው የሰውን ካፖርት በበዓል ቀን ያስቀድዳል? እኔም ብሆን አላምንም ነበር። የአንዲት ደንበኛ ምስጢር አለበት አልኳት። የማን ብላ ያዘችኝ። እኔ እኮ አልናገርም ብያለሁ! ግን ግራ ገብቶኛል፣ ባለቤቴ ሳሎን ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ተቀምጧል፣ ሰውዬው ጓሮ አኩርፎ ቁጭ ብሏል፣ ሃያ አንድ ዓመት የኖርንበት ዝምድና ዓይኔ እያየ ሊበጠስ ነው። በዚያ ላይ የወጥ ቤቱ ሬዲዮ ክፍት ነበር፤ የበዓል ፕሮግራም ነው፣ እሷ ናት የምትናገረው። እንኳን አደረሳችሁ ትላለች።

ስሟን አልጠራሁም። ይሄን እግዜር ያውቃል። በአገጬ ሬዲዮኑን ጠቆምኩ ብቻ።

«ውይ!» አለች እትዬ። የያዘችው ሳህን ውሃው ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው። አንዱን ካልኩ በኋላ ሌላውን ማስቀረት አልቻልኩም። ምን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ሜትሩ በምን ዘዴ እንደሸፈነው፣ ሁሉንም ነገርኳት። በዚያች ሰዓት ጥሩ ሥራ የሠራሁ ነው የመሰለኝ። እሷም እንባዋን ጠርጋ፣ ለማንም እንደማትናገር ምላ፣ ወደ ጓሮ ሄደችና ባሏን ይዛ ገባች። ሰውዬው ሜትሩ አጠገብ ተቀምጦ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እርቅ ወረደ። ሜትሩ በምን እንደታረቁ አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ሾፌሩ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በፊት መጣ። መኪናውን ደጃፍ ሳያቆም ሜትሩ በጋቢናው በር ተንጠለጠለ። ካፖርቱ ከወንበሩ ኋላ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ሙቀት ስለሆነ አንድ ቀንም አልለበሰውም። ሜትሩ በምላጭ ትከሻውን ፈታ፤ ፍላሹ እንደተሰፋ ወጣ። ክሩ አልተነካም፣ አልላላም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። ሾፌሩ ካፖርቱን ከወር በፊት ገበሩ ተቀዶ ለጥገና ልኮልን ነበር። ሱቅ ውስጥ ሁለቱ ካፖርት ጎን ለጎን ተሰቅለው ሳለ ሜትሩ የራሱ መስሎት የወንድሙ ላይ ሰፍቶታል፤ ከዚያ «ለበዓል እንስጠው» ብሎ ራሱ በፌስታል አጣጥፎ ይዞለት መጣ። በዚያ ሁሉ መንገድ በሙቀት ታፍኖ ሲጠብቅ የነበረው ስፖንጅ ነው! ፌስታሉ እኮ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ነበር የተጫነው።

ሳቅን። የመጋዘን ኃላፊው ሳይቀር እስኪያለቅስ ሳቀ። ሜትሩ ያን ዕለት ሦስቱንም ካፖርት ደርድሮ ሰፋ፣ የሰውዬውን ከሁሉ አስበልጦ። ማታውን እንደ ሕፃን ተኛ። ስንመለስም አንድ ሰው ሳያየው ፍላሹን ለወንድሜ ልጅ ወስዶ፣ በዚህ ጊዜ ያለችውን ሁሉ እሺ ብሎ ፓስወርድ አስደረገበት። «አየሽ፣ ማንም አልከፈተውም። አደራው እንደታሰረ ገባ» እያለኝ ለሳምንት ደስ ብሎት ከረመ። እኔም አብሬው ደስ አለኝ። የወጥ ቤቱ ነገር ትዝ ሲለኝ፣ እትዬ ምላለች እኮ እላለሁ፤ እሷ ደግሞ ሩቅ ናት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋዜጠኛዋ ቴሌቪዥን ላይ ወጣች። ሰማያዊውን ነበር የለበሰችው። አቤት ሲያምርባት! ሜትሩ ቆሞ ነው ያየው። ፕሮግራሙ እንዳለቀ ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ ነች። ወደ በረንዳ ወጥቼ አነሣሁት።

«አየኋት እኮ!» አለችኝ፤ ድምጿ ደስታ በደስታ ነው። «ምንም አያስታውቅም፣ ወንድሜ እጁ ይባረክ። ብታውቂ ጎረቤቴንም ጠርቼ አብረን ነው ያየነው፤ ምንም ትኩር ብላ ብታይ ልታገኘው አልቻለችም። ልጇም አጠገባችን ሆና በስልኳ ስታነሣት ነበር፣ ፎቶውን አሳድጋ ብታየውም ምንም የለም አለች።»

ደህና ሁኑ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔ ግን ያን ያህል የሚፈጥን አልመሰለኝም ነበር። ሌሊቱንና ቀኑን ስፈትለው ሰነበትኩ። ለሜትሩ ልንገረው? ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀውን ሚስቱ በአገጯ እንዳፈረሰችው ሲሰማ ምን ይሆናል? ለጋዜጠኛዋስ ልንገራት? ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሰምቶ የመጨረሻዋ እሷ ከምትሆን ከእኔ ብትሰማው አይሻልም? ደግሞስ የእትዬ ጎረቤት ዝም ብትል፣ የልጇም ስልክ ዝም ቢል፣ ዝም ያለውን ነገር እኔ ልቀሰቅሰው? አንዱን እይዝና ሌላው ያመልጠኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ጋዜጠኛዋ ለሁለተኛው ልብስ ፕሮቫ መጣች። ለሜትሩ ስጦታ ይዛለት ነበር፤ ከቆዳ የተሠራ የመቀስ ማኖሪያ። በሩን እንደ ሁልጊዜው ዘጋችና መስታወቱ ፊት ቆመች። እኔ እስፒል በአፌ ይዤ ከእግሯ ሥር ተንበርክኬ ቅምቅማቱን እይዛለሁ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ቀን ካሜራው ፊት ስቀመጥ ምን እንዳልኩ ያውቃሉ?» አለች። «ይሄን ነገር የሚያውቁት በዓለም ላይ እነዚያ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው አልኩና ልቤ ተረጋጋ።»

ሜትሩ በኩራት ወደ እኔ አየ። እሷም ዘወር ብላ ዝቅ አለችና ትከሻዬን ጨበጥ አደረገችኝ። እኔ አንገቴን ነቀነቅኩ፤ በአፌ ስድስት እስፒል ነበር።

ከፍላ፣ ስማን፣ ሄደች። ሜትሩ ጨርቁን አጣጥፎ፣ ጠመኔውን አንሥቶ፣ አዲሱን የመቀስ ማኖሪያ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ሲያበቃ እኔ አሁንም ወለሉ ላይ እንደተንበረከክሁ ነኝ።

«እስፒሉን ከአፍሽ አውጪ እንጂ፣ ምን ሆነሻል? ሥራው አልቋል እኮ» አለኝ።

ካወጣሁት በኋላ ምን እንደምል አላወቅሁም። ስድስቱንም እንደያዝኩ ተቀመጥኩ።